እግሮቼ ወዴት ነው የሚያዩት?

ዛሬ ስለ ጎልፍ ልጽፍላችሁ ነው። ፈገግ እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ከሦስት ዓመት በፊት ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። ያደግሁት ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀን ኳስ በምንሠራበት ሰፈር ነው። ጎልፍ የአምባሳደሮችና የሀብታሞች ጨዋታ ይመስለኝ ነበር።

የጀመርኩትም ጨዋታውን ወድጄ ሳይሆን ልጄን ፈልጌ ነው።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ነው። ልጄ ሁለተኛ ደረጃ ሳለ ለትምህርት ቤቱ ቡድን ጎልፍ ይጫወት ነበር። 19 ዓመት ሲሞላው ቤተ ክርስቲያን መምጣት ተወ። ጠብ አልነበረም። መጀመሪያ «ፈተና አለብኝ» አለ፤ ቀጥሎ «ሥራ አለብኝ» አለ፤ በኋላ ምክንያት መስጠቱንም ተወው። እኔ ደግሞ በጉባኤ ፊት ቆሜ የማስተምር፣ በሽማግሌነት የማገለግል ሰው ነኝ። አባት ማድረግ አለበት ያልኩትን ሁሉ አደረግሁ። ጠዋት ጠዋት ጥቅስ እልክለታለሁ። እራት ላይ ወሬውን ወደዚያው እጎትታለሁ። መጋቢያችን እንዲደውልለት ለመንኩ። እሱ አንድ እርምጃ ሲሸሽ እኔ ሁለት እርምጃ እከተለዋለሁ። በመጨረሻ የመኪናዬን ድምፅ ሲሰማ የክፍሉን በር መዝጋት ጀመረ።

አንድ ቀን ባለቤቴ፣ «እስቲ አንድ ቀን እንኳ ሳትመክረው አብረኸው ዋል» አለችኝ። ቅዳሜ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቅሁት። «ጎልፍ» አለኝ። «ልምጣ?» አልኩት። ትኩር ብሎ አየኝና «ና» አለ።

ወደ ቀኝ የምትታጠፍ ኳስ

በዋሽንግተን ከተማ፣ ሄይንስ ፖይንት በሚባለው የፖቶማክ ወንዝ ዳርቻ ላይ ኢስት ፖቶማክ የሚባል የሕዝብ ጎልፍ ሜዳ አለ። አባል መሆን አያስፈልግም፤ የከፈለ ሁሉ ይገባል። ከሜዳው የዋሽንግተን ሐውልት ይታያል። መለማመጃው ጋ አንድ ባልዲ ኳስ ገዛንና ጎን ለጎን ቆምን።

የጎልፍ ኳስ ክብደቷ ከ45.93 ግራም አይበልጥም። በእግር ኳስ ብትስት ኳሷ እየተንከባለለች መጣች፣ ተከላካይ ገፋኝ ትላለህ። በጎልፍ ግን ኳሷ ቆማ ነው የምትጠብቅህ። የምታሳብበው ሰው የለም።

እኔ የመታኋት ኳስ ግን አንድም ጊዜ ወዳየሁበት አልሄደችም። ትንሽ ቀጥ ብላ ትሄድና እንደ ሙዝ ጎብጣ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች። ይህን «ስላይስ» ይሉታል። የጀማሪ ሁሉ በሽታ ነው፤ ብዙዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ይዘውት ይኖራሉ።

ሰው አልጠየቅሁም። ራሴ መፍትሔ አገኘሁ፤ ኳሷ ወደ ቀኝ ከሄደች እኔ ወደ ግራ ዞሬ እቆማለሁ! ይህን የማያስብ ጀማሪ የለም። ትንሽ ወደ ግራ ዞርኩ፤ ኳሷ የባሰ ታጠፈች። አሁንም ጨመርኩ፤ እሷም ጨመረች። በሦስተኛው ቅዳሜ ባንዲራው እግሮቼ ከሚጠቁሙበት መስመር በስተ ቀኝ ርቆ ነበር፤ እኔ ግን አላወቅሁም።

ልጄ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ሲያየኝ ቆየ። ከዚያ፣ «አባዬ፣ ሳልመክርህ ልተውህ ወይስ ልንገርህ?» አለኝ። እናቱ የነገረችኝን ሰምቶ ኖሯል። ሁለታችንም ሳቅን። «ንገረኝ» አልኩት።

መድኃኒቱ በሽታውን ሲመግብ

ልጄ ያስረዳኝ እንዲህ ነው። ቀኝ እጁን ለሚጠቀም ተጫዋች ስላይስ የሚመጣው ዱላው ኳሷን በሚነካበት ቅጽበት፣ የዱላው ፊት ዱላው ከሚጓዝበት መስመር አንጻር ወደ ቀኝ ተከፍቶ ሲገኝ ነው። ያን ጊዜ ኳሷ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ሽክርክሪት ይዛ ትነሣለች፤ አየሩም ወደዚያው ይወስዳታል።

አሁን እኔ ያደረግሁትን ተመልከቱ። እግሬንና ትከሻዬን ወደ ግራ ባዞርኩ ቁጥር ዱላው ትከሻዬን ተከትሎ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ኳሷን እየቆረጠ ያልፋል። ዓይኔ ግን አሁንም ባንዲራው ላይ ስለሆነ የዱላው ፊት ወደ ባንዲራው ያያል። ስለዚህ ዱላው በሚጓዝበትና ፊቱ በሚያይበት መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል፤ ልዩነቱ ሲሰፋ ኳሷ የባሰ ትታጠፋለች። ስህተቱን ለማረም ያደረግሁት ነገር ራሱ ስህተቱን አሳደገው።

ዱላውና ኳሷ የሚነካኩት ለግማሽ ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ አንድ ሰከንድ ለሁለት ሺህ ተከፍሎ አንዱ ማለት ነው። በዚያ ቅጽበት ማንም ምንም ሊያስተካክል አይችልም። የሚስተካከለው አስቀድሞ፣ ገና ቆመህ ሳለህ ነው።

«በል፣ እንደ ልማድህ ቁም» አለኝ። ቆምኩ። ቀጭን ዘንግ አንሥቶ ከእግር ጣቶቼ ጫፍ ጋር አስተካክሎ መሬት ላይ አጋደመው። «አሁን ውጣና ከኋላ ሆነህ እየው» አለኝ።

ዘንጉ ከባንዲራው እጅግ ርቆ በግራ ወዳለው አጥር ይጠቁም ነበር። «እኔ እኮ ወደ ባንዲራው ነው የቆምኩት!» አልኩ። ከልቤ ነበር።

«አባዬ፣ ኳሷ ቀኝ እንዳትሄድብህ ፈርተህ ነው። የቆምከው ወደ ባንዲራው ሳይሆን ከፍርሃትህ ሸሽተህ ነው» አለኝ።

አቋቋምን ማስተካከል

በዚያው ቀን መጀመሪያ ከኳሷ ኋላ ሆኜ ወደ ባንዲራው እንዳይ አስተማረኝ። በመስመሩ ላይ፣ ከኳሷ አንድ እርምጃ ያህል ቀደም ብሎ ያለ አንድ ምልክት፣ ቅጠል ይሁን የተገነጠለ ሣር፣ እመርጣለሁ። ሩቅ ካለ ባንዲራ ይልቅ ቅርብ ካለ ቅጠል ጋር መስተካከል ይቀላል። ሜጀር የሚባሉትን ታላላቅ ውድድሮች 18 ጊዜ ያሸነፈው ጃክ ኒክላውስም የሚያነጣጥረው በዚህ መንገድ ነበር።

ቀጥሎ ከእግር በፊት የዱላውን ፊት ወደዚያ ምልክት አስተካክላለሁ። ከዚያ በኋላ ነው እግሬን የማስቀምጠው፤ እግሬ ግን ወደ ባንዲራው አይጠቁምም። ኳሷ የምትሄድበት መስመርና የእግሮቼ መስመር እንደ ባቡር ሐዲድ ጎን ለጎን ይሄዳሉ እንጂ አይገናኙም። ጉልበት፣ ዳሌና ትከሻም እንዲሁ። በተለይ ትከሻ! እግሩን አስተካክሎ ትከሻውን ወደ ግራ የከፈተ ሰው ምንም አላስተካከለም፤ ዱላው የሚከተለው ትከሻን ነው። ኳሷም ቦታ አላት። በድራይቨር ስንመታ ከግራ ተረከዝ ውስጠኛ ጎን ትይዩ ትሁን፤ ከዚያ አልፋ ወደ ፊት ከሄደች ትከሻችን ሳናውቀው ይከፈታል።

የእጅ አያያዝም ስላይስ ያመጣል። ሽማግሌዎቻችን «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚሉት እዚህም ይሠራል። ልጄ ግን፣ «አቋቋምህ ሳይስተካከል አያያዝህን ብነካው ሁለት ስህተት ይሆንብሃል» ብሎ ለሌላ ቀን አቆየው።

እስቲ ልብ በሉ። በትክክል ባቆመኝ ጊዜ ፈጽሞ የተጣመምኩ መሰለኝ። «ይህ እኮ ወደ ወንዙ ነው!» ብዬ ተከራከርኩ። ጠማማው ለብዙ ጊዜ ቀጥ ያለ ሆኖ ስለኖረ፣ ቀጥ ያለው ጠማማ ሆነብኝ። የመጀመሪያዎቹ ኳሶች ደግሞ ከበፊቱ ይልቅ ርቀው ወደ ቀኝ ሄዱ፤ እግሬ ቢስተካከልም ክንዴ ገና የድሮውን መንገድ ይከተል ነበርና። ወደ ድሮዬ ልመለስ ፈለግሁ። «ታገሥ። 7 ቁጥሩን ዱላ ያዝና ግማሽ ምት ብቻ ምታ» አለኝ። አንድ ወር ያህል ፈጀ። አንድ ቀን ጠዋት ኳሷ ተነሣች፤ ቀጥ ብላ ሄደች፤ አልታጠፈችም። ልጄ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ጮኸ። ልጄ ስለ እኔ ደስ ብሎት ሲጮህ የሰማሁት ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል።

በመኪናው ውስጥ

ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ልቤ አላረፈም። ሁለት ቀይ መብራት ካለፍን በኋላ፣ «ልጄ፣ ቤት ውስጥስ? እዚያም ከኋላዬ ቆመህ ብታየኝ እግሬ ወዴት ነው የሚያየው?» አልኩት።

ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «አባዬ፣ ስለ ጌታ ስታወራኝ ወደ እኔ የምታወራ አይመስለኝም። የቤተ ክርስቲያን ሰው ምን ይላል ወደሚለው ነው የዞርከው» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ልክ ነበር። ቃሌ ወደ ልጄ ያነጣጠረ ይመስል ነበር፤ እግሬ ግን ወደ ስሜ ዞሮ ነበር። «የሽማግሌው ልጅ የት ጠፋ?» የሚለውን ጥያቄ ፈርቼ ነበር። ፍርሃቴ ሲጨምር ምክሬም ይጨምራል፤ ምክሬ ሲጨምር ልጄ ይርቃል፤ ሲርቅ ፍርሃቴ ይጨምራል።

ያን ሌሊት ገላትያ ምዕራፍ 2ን ከፈትሁ። ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ወገን ካመኑት ጋር አብሮ ይበላ ነበር። ከኢየሩሳሌም ሰዎች ሲመጡ ግን ፈራና ከማዕዱ ራሱን ለየ፤ ሌሎችም፣ በርናባስ እንኳ ሳይቀር ተከተሉት። ጳውሎስ በሁሉ ፊት ገሠጸው። ጳውሎስ አካሄዳቸው ከወንጌል እውነት ጋር እንዳልተስተካከለ ሲገልጽ የተጠቀመበት የግሪክ ቃል «ቀጥ ያለ» እና «እግር» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተሠራ ነው። እግራቸው ቀጥ ብሎ አይሄድም ማለቱ ነው!

ጴጥሮስ የሚያምነውን አልለወጠም። ዓይኑ ባንዲራው ላይ ነበር። እግሩን ግን የሰው ፍርሃት አዞረው፤ እሱም አላየውም። ያየው ከኋላው ቆሞ የነበረ ሌላ ሰው ነው፤ ያውም በእምነት ከእሱ በኋላ የመጣ። አንድ ሰው የራሱን አቋቋም ከቆመበት ቦታ ሆኖ ማየት አይችልም። ኒክላውስ እንኳ ታላላቅ ውድድሮችን ካሸነፈ በኋላ በየዓመቱ መጀመሪያ ከልጅነቱ ጀምሮ ወዳሠለጠነው ወደ ጃክ ግራውት እየተመለሰ መሠረታዊውን ነገር እንደገና ያይ ነበር።

ንስሐንም ከዚህ በኋላ በሌላ መልኩ አየሁት። እኔ ብዙ ጊዜ ንስሐ ያልኩት ወደ ግራ መዞርን ነበር፤ ኳሷ ቀኝ ስለሄደች ብቻ በሌላኛው በኩል ማጋነን። ቁጡ ከነበርኩ ዝምተኛ እሆናለሁ፤ ቸልተኛ ከነበርኩ ተቆጣጣሪ እሆናለሁ። ንስሐ ግን ከስህተት መሸሽ ብቻ አይደለም፤ ወደ ጌታ ቀጥ ብሎ መቆም ነው። መጀመሪያ ሲቆሙበት ደግሞ ጠማማ ሊመስል ይችላል።

ዛሬ

ምስክርነት ስንሰጥ መጨረሻው እንዲያምር እንወዳለን። ልጄ እስከዛሬ ወደ ቤተ ክርስቲያን አልተመለሰም። እጸልያለሁ፤ እናቱም ትጸልያለች። የጠዋቱን ጥቅስ መላክ ተውኩ። ይቅርታም ጠየቅሁት፤ በሩም መዘጋት ተወ። ባለፈው ወር ኳስ እየለቀምን ሳለ፣ «አባዬ፣ አንተስ ተጠራጥረህ ታውቃለህ?» አለኝ። የድሮው እኔ ቢሆን «በፍጹም!» ይል ነበር። ወደ እሱ ዞርኩና «አዎ» አልኩት፤ መቼ እንደሆነም ነገርኩት። አንድ ሰዓት ሙሉ አወራን።

ስላይሱም ሲደክመኝ ይመለሳል። ያን ጊዜ ወደ ግራ አልዞርም፤ «ና እስቲ፣ እግሬን እይልኝ» እለዋለሁ።

ወገኔ፣ ከአንተ እየራቀ ያለ ሰው አለ? አንቺስ እህቴ፣ ባረምሽው ቁጥር የሚብስብሽ ነገር አለ? ድምፃችንን ከመጨመራችን በፊት ለአፍታ ቆም እንበልና እግራችን ወዴት እንደሚያይ የሚነግረንን ሰው እንጠይቅ። ምናልባት ያ ሰው ከእኛ የሚያንስ፣ የራሳችን ልጅ ይሆናል።

ጌታ ሆይ፣ እግራችንን አቅና፤ የሰውን ፍርሃት ከልባችን አውጣ፤ የሚያርመንንም ሰው እንድንሰማ ትሕትናን ስጠን። አሜን።

ጸጋ ይብዛላችሁ።