ስማችሁ ሳጥኑ ላይ አለ?

ወደ ጀርመን የሚሄድ ቤተሰብ ሻንጣ ሲያሰናዳ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ምክር አለው። በርበሬ ያዙ፣ ሽሮ አትርሱ፣ ለልጅቷ ወፍራም ካልሲ ግዙላት ይላል። (ቅቤና ቋንጣ ይቅርባችሁ፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሥጋና የወተት ውጤት በሻንጣ ማስገባት ክልክል ስለሆነ ጉምሩክ ላይ ትለያያላችሁ።) ስለ ስማችሁ ግን ማንም አይነግራችሁም። የባለቤቴ መሥሪያ ቤት ፍራንክፈርት መድቦት ከአራት ዓመት ልጃችን ጋር በኖርንበት ጊዜ፣ ከብርዱም ከቋንቋውም ይልቅ ያደከመችን ፖስታ ሳጥን ላይ የምትለጠፍ ጣት የማታክል ወረቀት ናት።

እኛ አገር ፖስታ ሳጥን ማለት ፖስታ ቤት ሄዳችሁ የምትከራዩት ቁጥር ነው። ዕቃ የሚያደርስ ልጅ ቢመጣ እንኳ "ከመድኃኒት ቤቱ አለፍ ብሎ፣ ሰማያዊው በር" እያላችሁ በስልክ ትመሩታላችሁ፤ ካልሆነም ጥበቃው ይቀበልላችኋል። እዚያ ሳጥኑ የምትኖሩበት ሕንፃ መግቢያ ላይ ነው። ሕንፃው ቁጥር አለው፤ አፓርታማዎቹ ግን ብዙውን ጊዜ የላቸውም። ፖስተኛው ያን ሁሉ ቤተሰብ የሚለየው በስም ነው። ስማችሁን ካጣው ደብዳቤው ወደ ላከው ይመለሳል።

ደብዳቤ ደግሞ እዚያ አገር ሁሉ ነገር ነው። ቤት በገባችሁ በ2 ሳምንት ውስጥ አከራዩ የፈረመበትን ማረጋገጫ ይዛችሁ በነዋሪነት መመዝገብ አለባችሁ፤ በትልልቅ ከተሞች ቀጠሮ ማግኘቱ ብቻውን አንድ ሥራ ነው። ከተመዘገባችሁ በኋላ የግብር መለያ ቁጥር በፖስታ ይመጣል፤ እሱ ካልደረሰ ቀጣሪያችሁ በከባዱ የግብር መደብ ሊቆርጥባችሁ ይችላል። የባንክ ካርዱ በአንድ ፖስታ፣ የምስጢር ቁጥሩ በሌላ ፖስታ ይላካል። የሬዲዮና የቴሌቪዥን ክፍያም አለ፤ ቴሌቪዥን ባይኖራችሁም በየቤቱ በወር 18.36 ዩሮ። የእሱ ደብዳቤ እንኳ መንገድ አይጠፋውም!

ታዲያ ስም መለጠፍ ምን ያስቸግራል ትሉ ይሆናል። የማንን ስም? እዚያ ባል፣ ሚስትና ልጅ በአንድ የቤተሰብ ስም ይጠራሉ ተብሎ ይታሰባል። እኛ ግን እኔ በአባቴ፣ ባለቤቴ በአባቱ፣ ልጃችን በአባቷ ነው የምንጠራው። በእነሱ መዝገብ አንድ ኩሽና የሚጋሩ ሦስት ባዳዎች ነን። የሕንፃው ተቆጣጣሪ ሳጥኑ ላይ የባለቤቴን ስም ብቻ አስቀርጾ ለጠፈ። የልጃችን የጤና መድን ካርድ ተልኮ ተመለሰ። ሦስቱንም ስም በወረቀት ጽፈን በፕላስተር ለጠፍን፤ ተቆጣጣሪው ከሌሎቹ ሳጥኖች ጋር አይመሳሰልም ብሎ ላጠው። ካርዱ ለሁለተኛ ጊዜ ተመለሰ። በዚያው ሳምንት ልጅቷን ትኩሳት ያዛት፤ የሕፃናት ሐኪሙ ጋ ስንደርስ የእንግዳ ተቀባይዋ የመጀመሪያ ጥያቄ ካርዱ ነበር።

ይህ ቢገጥማችሁ ከመድን ሰጪያችሁ ምትክ ማረጋገጫ በቀጥታ ለሐኪሙ እንዲላክ ጠይቁ፤ የተለመደ አሠራር ነው። እኛ የሰማነው እዚያው ወረፋ ላይ ከቆመች የኤርትራ ተወላጅ እናት ነው። የእነሱም ስም እንደ እኛው ነውና በዚህ ጉዳይ ከእሷ የተሻለ አማካሪ አላገኘሁም። የልጅ የልደት ምስክር ወረቀትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት በቃለ መሐላ ተርጓሚ ወደ ጀርመንኛ አስተርጉመሽ ሁልጊዜ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ ያለችኝም እሷ ናት። መዋዕለ ሕፃናት ስታስመዘግቡም፣ ድንበር ስትሻገሩም፣ ልጁ የእናንተ ስለመሆኑ አፋችሁ ሳይሆን ወረቀቱ ይመልስላችኋል።

ሌላው ነገር በጊዜ ይለመዳል። እሑድ ሱቅ ዝግ ስለሆነ ዳይፐሩን ቅዳሜ ትገዛላችሁ፤ ከረሳችሁ ትልቁ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ያሉት ሱቆች አሉላችሁ። የመስታወት ጠርሙስ በየቀለሙ ለይታችሁ ትጥላላችሁ፤ እሑድና ማታ ግን ስለሚንኳኳ አይጣልም። የውኃ ፕላስቲክ ስትገዙ 25 ሳንቲም መያዣ ትከፍላላችሁ፤ ባዶውን ሱፐርማርኬቱ ውስጥ ላለው ማሽን ስትሰጡት ገንዘባችሁን በደረሰኝ ይመልሳል፤ በደረሰኙም ትገበያያላችሁ። ማርኬቲንግ ሥራዬ ስለሆነ ይህን አደንቃለሁ፦ ደንበኛው ቆሻሻ ተሸክሞ በፈቃዱ ወደ ሱቁ የሚመለስበት ሌላ ዘዴ አላውቅም።

ስሙ ግን አልተለመደኝም። ልጄ አንድ ቀን ከመዋዕለ ሕፃናት ስትመለስ "እማዬ፣ የሌኒ እናት ስም ከሌኒ ጋር አንድ ነው፤ አንቺ ለምን የኔን ስም አልያዝሽም?" አለችኝ። እኔ የአባቴ ልጅ ስለሆንኩ፣ አንቺ ደግሞ የአባትሽ ልጅ ስለሆንሽ አልኳት። "ታዲያ የአንቺ ልጅ መሆኔ የት ተጽፏል?" አለች። የትም አልተጻፈም። ኢትዮጵያ እያለን ሰፈሩ ሁሉ የማን ልጅ እንደሆነች ስለሚያውቅ ጥያቄው መጥቶብኝ አያውቅም።

የጀርመን ዜግነት የወሰዱ ቤተሰቦች አንድ የቤተሰብ ስም መምረጥ ይችላሉ፤ የመረጡም አጋጥመውኛል። አልፈርድባቸውም፤ ኑሮ ይቀላል። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው የባል ወገን አያት ስም ነው፤ የሚስት አባት ስም እዚያ ላይ ያበቃል። ለአጭር ጊዜ ለምትሄዱት ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። የኪራይ ውሉን ስትፈርሙ የሁላችሁም ስም፣ የሕፃኑም ጭምር፣ በሳጥኑና በደወሉ ላይ እንዲቀረጽ እዚያው አጽፉ። እኛ በሦስተኛው ወር ሦስቱንም ስም የያዘ ሳህን ተሠራልን፤ ፊደሉ ከማነሱ የተነሣ ፖስተኛው መነጽሩን ከፍ አድርጎ ነው የሚያነበው።

ስትመለሱም ከምዝገባው መሰረዝ አለ። ከመውጣታችሁ 1 ሳምንት በፊት ጀምሮ፣ ከወጣችሁ እስከ 2 ሳምንት ድረስ ይፈቀዳል። የስረዛውን ማረጋገጫ ሳትይዙ አውሮፕላን አትሳፈሩ፤ የኢንተርኔት ውላችሁንና ያን 18.36 ዩሮ የምታቋርጡት በእሱ ነው።