ኮሶዬ ላይ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ

ጎንደር ላይ ስለ ወፍ ለጠየቀ ሰው መልሱ ሁልጊዜ «ጣና ውረድ» ነው። ጣና ይገባዋል፤ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ባለ ረጅም እግሮች ፎገራ ሜዳ ላይ ሲሰፍሩ ማየት ትልቅ ነገር ነው። እኔ ግን ወዳጆቼን የምልከው ወደ ላይ ነው፤ በደባርቅ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ኮሶዬ።

አብዛኛው መንገደኛ እዚህ መኪና አቁሞ ገደሉን ፎቶ ያነሳና ይሄዳል። ያሳዝነኛል። በማለዳ ትልልቆቹን አሞራዎች አታዩም። ከባድ ስለሆኑ ክንፋቸውን እያርገበገቡ ሩቅ መሄድ አይሆንላቸውም። ፀሐይ ቆላውን አሙቃ፣ ሞቃቱ አየር ገደሉን ታኮ ሲወጣ፣ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ መምጣት ይጀምራሉ። ከየት? ከእግራችሁ ሥር! ሌላ ቦታ አሞራ የምናየው አንጋጠን፣ ሆዱን ነው። እዚህ ጀርባውን ታያላችሁ፤ የክንፉ ጫፍ ላባዎች እንደ ጣት ተዘርግተው፣ ጭራው ነፋሱን እየለካ ዘወር ሲል።

እኔ ጢማሙን አሞራ አስበልጣለሁ። ክንፉ ሲዘረጋ እስከ 2.8 ሜትር ይደርሳል፤ ዋና ምግቡም አጥንት ነው። አልዋጥ ያለውን ይዞ ወደ ላይ ይወጣና ድንጋይ ላይ ይለቀዋል፤ ሲሰበር ወርዶ ይበላል። ከአፍሪካ በብዛት የሚገኘው እኛው ደጋ ላይ ነው።

ቁራውንም አትለፉት። ኖኅ ልኮት ስለቀረ ብቻ የምናውቀው ወፍ፣ ይሄኛው ምንቃረ ወፍራሙ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ አገሩ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ነው። በሳይንስ መጽሐፍ ያሰፈረው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጎንደርንና ሰሜን ተራሮችን ዞሯል፤ ጭላዳንም ያስተዋወቀው እሱ ነው።

በእሱ ስም የሚጠራው ጥንብ አንሳ በ1973 እ.ኤ.አ. ኮትዲቯር ሰማይ ላይ ከአውሮፕላን ጋር ሲጋጭ ከፍታው 11,300 ሜትር ነበር። ያን ያህል የሚወጣ ፍጥረት ዛሬ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተመዝግቧል። ከዋነኞቹ ገዳዮቹ አንዱ ለጅብና ለውሻ ተብሎ ሥጋ ላይ የሚደረግ መርዝ ነው፤ አንድ የተመረዘ በድን ላይ ብዙ አሞራ አብሮ ይሰፍራልና አብሮ ያልቃል። እሱ ሲያልቅ ጥንቡ ለውሻ ይቀራል፤ ውሻ ሲበዛ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ አለ። ስለዚህ ከብት የሞተባችሁ ዘመዶች ካሏችሁ፣ እባካችሁ በድኑ ላይ መርዝ እንዳያደርጉ ንገሯቸው።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ሂዱ። ጋቢ ያዙ፤ የአፋፉ ነፋስ ይበርዳል። የአካባቢውን ልጅ ይዛችሁ ተቀመጡ፤ አሞራው በየትኛው ስንጥቅ እንደሚያድር እሱ ያውቃል።