ቆማ ለምትውል መኪና የሚሆን የባትሪ መሙያ

ከግዳጅ ለዕረፍት በተመለስን ቁጥር፣ ከቤተሰብ ሰላምታ ቀጥሎ የሚጠብቀን ሥራ ጎረቤት ጠርቶ ቮልሳችንን ገፍቶ ማስነሣት ነበር። መኪናይቱ ከአባታችን የወረስናት ስትሆን በወር አንድ ቀን እንኳ አትነዳም። የመኪና ባትሪ ደግሞ ማንም ሳይነካው ኃይሉን ቀስ በቀስ ያጣል፤ ባዶውን በቆየ መጠንም በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ላይ ሰልፌት እየጠጠረ ሄዶ፣ በመጨረሻ አልሞላም ይላል። ስለዚህ ከአንድ ነጋዴ ያገለገለ ቻርጀር ገዛን። የጠየቅነው ጥያቄ ዋጋውን ብቻ ነበር።

አርብ ማታ ገመዱን በመስኮት አስገብተን፣ ቻርጀሩን ሰክተን ለተረኝነት ሄድን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባለቤታችን መኪናይቱ ውስጥ ገብቶ የሚጫወተውን ልጃችንን ልታወጣ በሩን ብትከፍት፣ የገማ እንቁላል የመሰለ ሽታ ተቀበላት። የዚህች መኪና ባትሪ የሚገኘው ከኋላ ወንበር ሥር መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል። ልጁን አወጣች፤ ገመዱን ከግድግዳው ሶኬት ነቀለች፤ በሮቹን ሁሉ ከፍታ በጥገና ክፍል የሚሠሩትን ጎረቤታችንን ሃምሳ አለቃ ጠራች። እሳቸውም የጋለውን ባትሪ አይተው፣ «እህቴ፣ መቆንጠጫውን ቀድመሽ ብትነቅይው ኖሮ አንዲት ብልጭታ ትበቃ ነበር» አሏት።

ስለ ጥንቃቄ ለሌላው ስንናገር የምንውል እኛ፣ ይህን ስንሰማ የምንመልሰው አልነበረንም።

አሮጌው ቻርጀር ባትሪው ሲሞላ የሚያቆምበት መላ አልነበረውም። ትርፉ ኤሌክትሪክ የባትሪውን ውኃ ወደ ሃይድሮጂንና ኦክስጂን ይለያየዋል፤ ሃይድሮጂን ደግሞ ከአየሩ 4 በመቶ ያህል ሲደርስ በብልጭታ ይቀጣጠላል። ባል በግዳጅ ላይ ሳለ መኪናይቱ የምትቀረው በሚስት እጅ በመሆኑ፣ ነገሩን በዚህ አምድ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁለተኛውን ቻርጀር የገዛነው ሃምሳ አለቃውን አስከትለን ነው። በቅድሚያ ቮልቱን አስተያዩ፤ የእኛ 12 ቮልት ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1967 በፊት ከተሠሩት ቮልሶች ግን ብዙዎቹ ባለ 6 ስለሆኑ ባለ 12 ቻርጀር ባትሪያቸውን ያቃጥለዋል። የአምፔሩ ልክ የባትሪው አንድ አሥረኛ ነው፤ ለባለ 40፣ 4 አምፔር ይበቃል፤ ቆማ ለምትውል መኪና 1 ወይም 2 ቢሆንም አይከፋም፣ የሚቸኩል የለምና። ከሁሉ በላይ የፈለጉት ግን በራሱ የሚቆጣጠረውን ነበር፤ ይኸውም እስከ 14.4 ቮልት ገደማ ሞልቶ፣ ከዚያ ወደ 13.5 አካባቢ ዝቅ ብሎ የሚጠብቀውን፣ መቆንጠጫው በተሳሳተ ጫፍ ቢያዝም ኃይል የማይለቀውን ነው። ዋጋው ከፊተኛው እጥፍ ሆነብን፤ ከፈልን።

ወር ለሚያልፍ ግዳጅ የሚሄድ ሰው ግን ቻርጀር ሰክቶ ከመሄድ ይልቅ የኔጌቲቩን ገመድ ፈትቶ ቢሄድ እንመርጣለን፤ ምንም አያስወጣም። አርፎ የቆየ ባትሪ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ ወደ 12 ከወረደ ሊያልቅ ተቃርቧል።

አሁን ባትሪውን ከወንበሩ ሥር አውጥተን በረንዳ ላይ እንሞላዋለን። ቀዩ በፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ በኔጌቲቭ ከተያዘ በኋላ ሶኬቱ በመጨረሻ ይሰካል፤ ሲነቀል ደግሞ ሶኬቱ ይቀድማል። ይህን የሶኬቱን ሥራ ባለቤታችን እስከ ዛሬ ለእኛ አልተወችም።