ጀርባው ክፍት የሆነ ዳስ

ሃሉንዳ ከስቶክሆልም ቀይ የምድር ባቡር መስመር ጫፍ አንድ ፌርማታ ብቻ ይቀራታል። ጣቢያዋ የተከፈተው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። ከገበያ ማዕከሉ ተነስቶ በፎቆቹ መካከል ወደ አስፐን ሐይቅ አቅጣጫ የወረደ ሰው ብዙም ሳይርቅ ጫካ ያገኛል። እዚያ ጎህ ሲቀድ ስዊድኖች ሮዩር የሚሉት እንስሳ ይወጣል፤ ከእኛዋ ሚዳቋ ገዘፍ ያለ፣ ክብደቱ ከ20 እስከ 30 ኪሎ የሚሆን፣ ጆሮው ለትንሽ ኮሽታ የሚቆም ፍጥረት ነው።

አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡት አዛውንት ይህን እንስሳ ፎቶ ማንሳት የፈለጉት ለ11 ዓመት የልጅ ልጃቸው ቃል ስለገቡ ነው። ካሜራ ነበራቸው። የጎደላቸው መሸሸጊያ ነው፤ ለዚያም ከጡረታቸው ላይ የመደቡት 1000 ክሮነር ነበር።

ምክር የጠየቁት ከፎቃቸው በታች የሚኖረውን ፊንላንዳዊ ነው። ሰውየው በየዓመቱ አገሩ ገብቶ በቀስት ያድናል። ጠመንጃ ከሩቅ ይመታል፤ ቀስተኛ ግን አውሬው ሃያ ሠላሳ ሜትር ድረስ እስኪጠጋው መጠበቅ አለበት። ስለዚህ እንደ ጃንጥላ ተዘርግታ የምትቆም፣ ታጥፋ በጀርባ የምትታዘል የጨርቅ ዳስ ከማንም በላይ የምታስፈልገው ለእሱ ነው። ፎቶ አንሺዎችም ይህንኑ ዕቃ ይገዛሉ።

ፊንላንዳዊው የሚታየውን አንድ በአንድ ነገራቸው። ውስጡ ጥቁር መሆን አለበት፤ ብርሃን የሚያስገባ ከሆነ የሰው ጥላ ይታያል። ፊትና ኋላ ያሉት መስኮቶች አንድ ላይ አይከፈቱም፤ በመካከል የተቀመጠው ሰው እንደ ሥዕል ይጎላል። ዚፑ ከጮኸ ገንዘቡ ባከነ። ቀስተኛ ቀስቱን ለመለጠጥ ከፍ ያለ ጣሪያ ይፈልጋል፤ ካሜራ ለያዘ ሰው ግን ዝቅ ያለው ይበቃዋል፤ ክብደቱም ዋጋውም ይቀንሳል። በመስኮቱ ላይ ያለውን መረብ ፍላጻ ቀዶት ያልፋል፤ ሌንስ ግን አያልፈውም፤ ስለዚህ መረቡ የሚነሳ ይሁን። ነፋሱ ከእንስሳው ወደ ሰው ይንፈስ። ሰማያዊ ጃኬት ደግሞ ቤት ይቅር፤ እነዚህ እንስሳት ቀይን ከአረንጓዴ ባይለዩም ሰማያዊን ያያሉ።

አዛውንቱ ሁሉንም በማስታወሻ ደብተር ጻፉ። ፊንላንዳዊው በመጨረሻ፣ «ሳትቀመጥበት አትግዛ» አላቸውና የራሱን ዳስ ከምድር ቤቱ ዕቃ ማስቀመጫ አውጥቶ ዘረጋላቸው። ገቡ። ዚፑ ተዘጋ።

ውስጡ እንደተባለው ጥቁር ነበር። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያ ዚፑን በጣታቸው ይፈልጉት ጀመር። ሲወጡ ሸሚዛቸው በላብ ርሶ ነበር። ፊንላንዳዊው ምንም አልጠየቀም፤ ውኃ አመጣላቸው።

መጋቢት 1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ በአሰሳ ስትታመስ የ15 ዓመት ልጅ ነበሩ። ፈታሾቹ ቤት ለቤት ሲመጡ እናታቸው ከኮርኒሱና ከቆርቆሮው መካከል፣ በወጋግራው ላይ አስተኟቸው። ቀን ቆርቆሮው ይግላል፤ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ከታች የሚገባው ሰው የማን እንደሆነ የሚታወቀው በእግሩ ድምፅ ነው። ከዚያ ወዲህ በሩን ጀርባቸው አድርገው ተቀምጠው አያውቁም። ቤተሰቡ ይህን እንደ ጠባይ ለምዶታል፤ ምክንያቱን የጠየቀ ግን የለም።

ስዊድንኛ ለዚህ ዳስ ያለው ስም ዮምስሌ ነው፤ መደበቅ ከሚለው ግሥ የወጣ ቃል። አማርኛ ግን ሁለቱን ይለያል። የተደበቀ ሰው እንዳይታይ ይፈልጋል፤ ያደፈጠ ሰው ሊያይ ይፈልጋል። ማሽላ ከወፍና ከዝንጀሮ የሚጠብቅ ገበሬ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል፤ ማማው ላይ ወጥቶ ወንጭፉን እያጮኸ መኖሩን ያሳውቃል። አዛውንቱ ሊገዙ የወጡት ማድፈጫ ነው፤ ዚፑ ሲዘጋ ግን ሰውነታቸው የገባው መደበቂያ ውስጥ ነበር።

ደብተሩ ላይ ያለው መስፈርት በሙሉ ወደ ጥቁሩ ዳስ ያመለክታል። እሳቸው የገዙት ግን ያገለገለ የቅጠል መልክ ያለው መረብ፣ አራት ቀጫጭን ብረትና ሁለት ዝቅተኛ መቀመጫ ነው። ከመደቡት ገንዘብ ግማሹ ተረፈ። ጀርባው ክፍት ነው፤ ጉድለቱንም ያውቁታል። ፊንላንዳዊው ዘዴውን አሳያቸው፤ ጥቅጥቅ ያለ የጥድ ቁጥቋጦን ጀርባ ማድረግ። ያኔ የሰው ቅርጽ ከጨለማው ጋር ይዋሃዳል፤ በጎን በኩል ግን መውጫ ይቀራል። በስዊድን ማንም ሰው በጫካ የመዘዋወር መብት አለው፤ ዳስ ተክሎ ለመተው ግን የመሬቱን ባለቤት ማስፈቀድ ያስፈልጋል። መረቡ ማታ ተጠቅልሎ ቤት ስለሚገባ ይህም ጣጣ አልነበረበትም።

በመስከረም አንድ ቅዳሜ፣ ጎህ ሳይቀድ ከልጅቷ ጋር ተቀመጡ። አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም አልመጣም።

«አባባ፣ ለምንድን ነው እንደ ሌሎቹ የሚዘጋ ያልገዛኸው?» አለች በሹክሹክታ።

ነገሯት። በስዊድንኛ ጀምረው ኮርኒስ የሚለው ላይ ሲደርሱ ወደ አማርኛ ተሻገሩ። ልጅቷ ሁሉንም አልገባትም፤ እጃቸውን ግን ያዘች።

እሷ ዝም እንዳለች ከኋላቸው እንደ ውሻ የሚጮህ ድምፅ ተሰማ። ሮዩር ሲደነግጥ እንዲህ ይጮኻል። በክፍቱ በኩል፣ ማንም ባልጠበቀው አቅጣጫ፣ ጥቂት ሜትር ድረስ ቀርቦ ነበር። ልጅቷ ካሜራውን ነጥቃ ዞረች።

ፎቶው ዛሬ ሃሉንዳ ሳሎናቸው ውስጥ ተሰቅሏል። የደበዘዘ ቅጠልና እየሸሸ ያለ ነጭ ቂጥ እንጂ ሌላ አይታይበትም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ልጅቷ ታስረዳለች፤ አዛውንቱም ከበሩ ፊት ለፊት ካለው ወንበራቸው ሆነው ይሰማሉ።