ደፋር

በ2004 ዓ.ም. አዳማ ውስጥ፣ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የ5ኛ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። የማስተምረው ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጥፋቴ ካለማወቅ የመጣ እንዳይመስላችሁ ነው። መጽሐፉ ያኔ 11 ምዕራፎች ነበሩት፤ አራተኛው ስለ ፍትሕ፣ ስድስተኛው ስለ ኃላፊነት ነበር። ልጅ በትምህርት ቤት አካላዊ ቅጣት እንዳይደርስበት የሚከለክለውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 በቃሌ እወጣው ነበር። ያንኑ አንቀጽ ባስረዳሁበት ክፍል ውስጥ ደግሞ ልጆችን አንበረክክ ነበር።

በዚያ ዓመት ትምህርት ቤታችን አዲስ ነገር አሰበ። ሰኔ 30፣ በወላጆች ቀን፣ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ከወጡት ሌላ ለድፍረት፣ ለመሪነትና ለመልካም ጠባይም ሽልማት ይሰጥ ተባለ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ዛሬም መልካም ነው እላለሁ። ከክፍልህ አንድ ልጅ ምረጥ ስባል ግን አላሰብኩበትም። ወይም አስቤ ይሆናል፤ ያሰብኩት ግን ስለ ራሴ ነው። ሞኒተሩን መረጥኩ።

ሞኒተሩ ጎበዝ ልጅ ነበር፤ በእሱ ላይ የምለው የለኝም። ጠመኔ ይዞ ሰሌዳው ፊት ይቆማል፤ የሚያወሩትን ስም ይጽፋል፤ ከደገሙ ከስማቸው ጎን ኤክስ ያደርጋል። ይህን ሥራ የሰጠሁት መሪነት እንዲለማመድ ብዬ ነው እል ነበር። እሱ ሰሌዳው ፊት ሲቆም እኔ መምህራን ማረፊያ ሻይ እጠጣ ነበር። ከ60 በላይ ልጆች ያሉበትን ክፍል ዝም የሚያሰኝልኝ እሱ ነበር።

ጥር ላይ ይመስለኛል፤ ነፋሱ አቧራውን በመስኮት የሚያስገባበት ወቅት ነበር። ተመልሼ ስገባ ሰሌዳው ላይ አምስት ስም ተጽፏል። ከመጀመሪያው ስም ጎን ሦስት ኤክስ አለ። የስሙ ባለቤት የሚንተባተብ ልጅ ነው፤ ስም ስጠራ «አቤት» ለማለት እንኳ ይቸገራል። አምስቱንም አንበረከክኳቸው። ያኔ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ተነሣች።

«ቲቸር፣ እሱ አላወራም። ትናንት ኳስ ሲጫወቱ ተጣልተው ነው።»

«ማን ጠየቀሽ? አንቺም ነይ ተንበርከኪ» አልኳት።

መጥታ ተንበረከከች። አላለቀሰችም።

እዚህ ላይ መዋሸት አልፈልግም። ተናግራ ሳትጨርስ እውነቷን እንደሆነ አውቄ ነበር። ግን ልጁን ባስነሣው ጠመኔው መከበሩ ይቀራል፤ ጠመኔው ካልተከበረ ሻዬ ይቀራል። ያን ጊዜ ይህን ያህል በግልጽ አላሰብኩትም፤ ለራሴ የነገርኩት «ሥርዓት ይጠፋል» ብዬ ነው። ሁለቱ አንድ እንደነበሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። የሚንተባተበው ልጅ ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙ ሲጠራ እጁን ብቻ ያወጣ ጀመር። እኔም ምንም ሳልጠይቀው ምልክት አድርጌ ወደ ቀጣዩ ስም አልፍ ነበር።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ካርድ ስሞላ ልጅቱ ጋ ደረስኩ። ውጤቷ ጥሩ ነው። ጠባይ በሚለው ፊት «ለ» ሰጠኋትና በአስተያየቱ መስመር ላይ «ደፋር ናት» ብዬ ጻፍኩ። አማርኛችን በዚህ ቃል ጀግናንም ዓይን አውጣንም ይጠራል። እኔ የጻፍኩት ሁለተኛውን ነው። በዚያው ምሽት፣ በዚያው እስክሪብቶ፣ የሞኒተሩን የምስክር ወረቀት «ለድፍረቱና ለመሪነቱ» ብዬ ሞላሁ። ሁለቱ ወረቀቶች ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ነበሩ። ምንም አልታየኝም።

በወላጆች ቀን ሞኒተሩ ተሸለመ፤ ተጨበጨበለት። ካርድ ሳድል የልጅቱ አባት መጡ። ባለጋሪ ናቸው፤ ፈረሳቸውን በር ላይ አስረው ነው የገቡት። አፍ የፈቱት በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛ ይናገራሉ እንጂ አያነቡም። ካርዱን ገልበጥ አድርገው አዩና ጣታቸውን የእኔ ጽሑፍ ላይ አሳረፉ።

«መምህር፣ ይሄ ምን ይላል?»

«ደፋር ናት ይላል» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። «ደፋር!» አሉ ልጃቸውን ትከሻዋን ይዘው። «እናቴን ነው የመሰለችው። ተባረክ መምህር፣ ልጄን አይተህልኛል።»

ያደረግኩት ነገር የገባኝ ያኔ ነው። ልጅቱን አየኋት። እሷ ታነባለች፤ የትኛውን ደፋር እንደጻፍኩ ታውቃለች። ቀና ብላ አየችኝና አንገቷን ደፋች። ለአባቷ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እኔም ለምርቃቱ «አሜን» አልኩ።

ከማንበርከኩ ይልቅ ያቺ «አሜን» ትከብደኛለች። ማንበርከኩን በቁጣ ላመካኝ እችል ይሆናል፤ ያም ቢሆን እውነት አይሆንም። «አሜን» ያልኩት ግን ረጋ ብዬ፣ ሁሉም ከገባኝ በኋላ ነው። «አባባ፣ ልጅዎ እውነት ስለተናገረች ቀጥቻታለሁ» ማለት ይበቃ ነበር። ከኋላቸው ሰልፍ ነበር፤ ርእሰ መምህሩም ቅርብ ቆመው ነበር። እነዚህን ምክንያቶች ብዙ ጊዜ ደርድሬያቸዋለሁ፤ አንዳቸውም አፌን አልያዙትም ነበር።

ከዚያ በኋላ ተለወጥኩ ብል ደስ ባለኝ። በ2009 ዓ.ም. የገዳ ሥርዓት በዩኔስኮ ሲመዘገብ ለተማሪዎቼ ላስረዳ ቆምኩ። ሥልጣን በየ8 ዓመቱ እንደሚተላለፍ፣ አባ ገዳውም ጊዜው ሲደርስ ለተረኛው እንደሚያስረክብ እየተናገርኩ ሳለ ዓይኔ ሰሌዳው አጠገብ የተቀመጠው ልጅ ላይ ዐረፈ። የዚያ ዓመት ሞኒተር ነው። ከመስከረም ጀምሮ ጠመኔው ከእጁ ወጥቶ አያውቅም። ከአራት ዓመት በላይ ጥፋቴን ዐውቄ፣ አዝኜበት፣ በዚያው መንገድ ኖሬያለሁ።

ጠመኔውን እንዲሰጠኝ እጄን ዘረጋሁ።

«ምን አጠፋሁ ቲቸር?» አለኝ።

ምንም እንዳላጠፋ ነገርኩት። ያጠፋው ማን እንደሆነ ግን ያን ቀንም አልነገርኩትም።