ቤቱን በሌሊት 9 ሰዓት እዩት



በውስጥ መስመር ከምትጠይቁኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ የወላጆች ጉዳይ ናቸው። "እናቴ ደረጃ መውጣት አቃታት፣ ምን መድኃኒት ልግዛላት?" "አባቴ ሻወር ቤት ውስጥ ወደቀ፣ ቫይታሚን ይጠቅመው ይሆን?" ትሉኛላችሁ። መልሱ አንዳንዴ ፋርማሲ ውስጥ የለም፤ ቤቱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ቤት ነው። ዘንድሮ ወላጆቼ የኖሩበትን ቤት ሸጠው ሌላ ሲፈልጉ አብሬአቸው ዞሬአለሁ። ስለ ካርታና ስለ እዳና እገዳ ሌላ ባለሙያ ይንገራችሁ። እኔ በሐኪም ዓይን ያየሁትን ላካፍላችሁ።

ለምን መሸጥ አስፈለገ?

አባቴ 74 ዓመቱ ነው፤ በሒሳብ ሠራተኛነት አገልግሎ ጡረታ ወጣ። እናቴ 69 ዓመቷ ነው፤ አስተማሪ ነበረች። ቤታቸው ሽሮ ሜዳ ውስጥ ነበር፣ ከአስፋልቱ ወደ እንጦጦ በኩል ከፍ ብሎ። አካባቢውን የምታውቁ ዳገቱን ታውቁታላችሁ፤ ክረምት ላይ ኮብልስቶኑ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ማድ ቤቱም ሽንት ቤቱም ከዋናው ቤት ውጭ፣ ግቢው ጥግ ላይ ናቸው።

እናቴ የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም አለባት። አባቴ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳል፤ ፕሮስቴቱም ስላበጠ ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ይነሳል። ባትሪ ይዞ፣ ጋቢ ደርቦ፣ በብርድ ግቢውን አቋርጦ ይሄዳል። ፖፖ ብንገዛለትም "እኔ ገና ሽማግሌ ነኝ እንዴ?" ብሎ አሻፈረኝ አለ።

ቁርጡ የታወቀው ግን ጎረቤታችን የወደቁ ጊዜ ነው። የእናቴ እኩያ ናቸው። ከገዛ በራቸው ላይ አዳልጧቸው የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ ቆመው አልሄዱም። ሴቶች የወር አበባ ካቆመ በኋላ አጥንታቸው እየሳሳ ስለሚሄድ ትንሽ አወዳደቅ ይሰብረዋል። የከፋው ደግሞ ስብራቱ ብቻ አይደለም፤ ከስብራቱ በኋላ ለረጅም ጊዜ መተኛት የሚያመጣው ጣጣ ነው፤ የሳንባ ምች፣ የእግር ደም መርጋት፣ የአልጋ ቁስል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሳይታሰብ በሚደርስ ጉዳት ከሚሞቱት መካከል ከትራፊክ አደጋ ቀጥሎ ሁለተኛውን ቦታ የያዘው መውደቅ ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዱትም ከ60 ዓመት በላይ ያሉ ሰዎች ናቸው።

ያን ሰሞን አባቴ ራሱ "እንሽጠው" አለ። እናቴ ዝም አለች። ዝምታዋን ሁላችንም እሺታ ብለን ወሰድነው።

ፀሐይ የሚገባበት አራተኛ ፎቅ

መጀመሪያ ያየነው ሰሚት ያለ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለ ሦስት መኝታ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ጠዋት ፀሐይ ግጥም ብሎ የሚገባበት። ሊፍት ስለሌለው ዋጋው ከታችኞቹ ቀነስ ይላል። አባቴ በረንዳው ላይ ቆሞ "አየሩ እንዴት ደስ ይላል!" አለ። እናቴ ግን አብራን አልነበረችም። ወርጄ ሳያት ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆማ ስልኳን ታያለች። ማንም አልደወለላትም፤ ጉልበቷን እያሳረፈች ነው።

"ደረጃ እኮ ስፖርት ነው" የሚል ሰው አይጠፋም። ለጤነኛ ጉልበት እውነት ነው። ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ ግን ጉልበታችን የሚሸከመው ጫና የሰውነታችንን ክብደት ሦስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። መገጣጠሚያው ለተበላ ሰው፣ ይልቁንም መውረዱ፣ ስቃይ ነው። ታዲያ ምን ይሆናል? ዛሬ "ዳቦውን ልጁ ያምጣልኝ" ይባላል። ነገ ቡና መጠራት ይቀራል፤ ከነገ ወዲያ ለቅሶ መድረስ ይቀራል። ሰውየው በገዛ ቤቱ እስረኛ ይሆናል። ሳይንቀሳቀስ ሲቀር የጭኑ ጡንቻ ይቀልጣል፤ ጡንቻው ሲቀልጥ መውደቅ ይመጣል። በዚያ ላይ ውኃ የጠፋ ዕለት 20 ሊትር ጀሪካን ማለት 20 ኪሎ ሸክም ነው። አራተኛ ፎቅ ድረስ ማን ያወጣዋል?

የሚያብለጨልጨው ቪላ

ሁለተኛው ለገጣፎ አካባቢ ያለ ጂ ፕላስ 1 ነበር። ወለሉ መስታወት የመሰለ ሴራሚክ፣ ሳሎኑ ሠርግ የሚደገስበት። ደላላው "እማማ፣ ይሄ እኮ ቤተ መንግሥት ነው፤ ገብተው ይረፉበት" አላት። እናቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ "ጎረቤቱ ማነው ልጄ?" እሱም "ገና እየገቡ ነው እማማ" አላት። ግራና ቀኙ ያላለቀ ግንብ ነበር።

ለአባቴ አንድ ነገር እንዲያደርግ ለመንኩት። "አባዬ፣ ይሄን ቤት በሌሊት 9 ሰዓት አስበው" አልኩት። መብራት ጠፍቷል። ፊኛህ ሞልቷል። ዓይንህን እንቅልፍ ይዞታል፤ ከአልጋ ድንገት ስትነሳ ደም ግፊትህ ዝቅ ስለሚል ራስህ ይዞራል። አሁን ከመኝታ ቤት እስከ ሽንት ቤት ሂድ። ስንት እርምጃ ነው? ስንት ደፍ አለው? ወለሉ እርጥብ ቢሆን ምን ትይዛለህ?

አባቴ ሒሳብ ሠራተኛ አይደል፣ የምር ቆጠረው። መታጠቢያ ቤቱ መግቢያ ላይ ከፍ ያለ ደፍ አለ፤ ወለሉ ለስላሳ ነው፤ የሚያዝ ነገር የለም፤ ደረጃው የእጅ ድጋፍ ገና አልተገጠመለትም። ወደ ሆስፒታል ለመሄድ ደግሞ መኪና ያለው ሰው መጥራት ያስፈልጋል። ስትሮክ የመታው ሰው ሰዓቱ ወርቅ ነው፤ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ በታየ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። "ቤቱ ለእንግዳ ጥሩ ነው፤ ለእኛ አይሆንም" አለና ወጣ።

ቤት የምናየው በቀን፣ ለብሰን፣ ተጫምተን ነው። አረጋዊ ሰው በቤቱ የሚፈተነው ግን በሌሊት ነው።

የእናቴ ጨጓራ

በዚህ መሃል እናቴ ምግብ ቀነሰች። ሌሊት ትነቃለች። "ምን ሆነሽ ነው?" ስንላት "ጨጓራዬ ነው" ትላለች። የሥራ ባልደረባዬ ጋ ወስጃት ተመረመረች፤ ምንም አልተገኘም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በትልልቅ ሰዎች ዘንድ ኀዘንና ጭንቀት ብዙ ጊዜ "ከፋኝ" ብሎ አይናገርም። በሆድ፣ በራስ ምታት፣ በድካም፣ በእንቅልፍ ማጣት ነው የሚናገረው። ረጅም ዕድሜ የኖሩበትን ቤት መልቀቅም ራሱን የቻለ ኀዘን ነው። የድብርት ስሜቱ ወይም የነገር ሁሉ ማስጠላቱ ቀኑን ሙሉ እየቆየ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ "እርጅና ነው" ብላችሁ አትለፉት፤ ሕክምና አለው።

አንድ ቅዳሜ ቡና እያፈላች ነገሩን አወጣችው። "ልጄ፣ እኔ ግድግዳውን አይደለም የማለቅሰው። እዚህ ጠዋት 2 ሰዓት ድረስ በሬ ካልተከፈተ ሰው ያንኳኳል። እዚያ ብወድቅ ማን ይሰማኛል?"

በሕክምና ትምህርት ቤት የተማርኩት ነገር እናቴ ከተናገረችው የተለየ አይደለም። አረጋዊ ሰው ወድቆ ለሰዓታት ሳይነሳ መሬት ላይ ከቆየ አጥንቱ ባይሰበር እንኳ ይጎዳል። ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፣ ውኃ ያጥረዋል፣ የተጫነው ጡንቻ መበስበስ ጀምሮ ኩላሊቱን ሊያውክ ይችላል። የሚያንኳኳ ጎረቤት፣ "ዛሬ ለምን ቀረች?" የሚል የእድር አባል፣ ቡና ጠጪ ጓደኛ፣ እነዚህ ጌጥ አይደሉም። ሕይወት ያድናሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍለጋችን ተቀየረ። "የት ሰፈር ይረክሳል?" ማለት ትተን "ከሽሮ ሜዳ በታክሲ የሚደረስ ምን አለ?" ማለት ጀመርን።

የተገዛው ቤት

በመጨረሻ ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግራውንድ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ተገኘ። ከሁሉም የሚያምረው እሱ አልነበረም። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ይጨልማል፤ የልጆች ኳስ መስኮቱን ይመታል፤ የአባቴ መጽሐፍ መደርደሪያ አልገባ ብሎ ግማሹ ወንድሜ ቤት ሄዷል። ነገር ግን ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት 11 እርምጃ ነው። ጤና ጣቢያው በእግር ይደረሳል። ስድስት ኪሎ ላይ ታክሲ ቀይራ እናቴ የድሮ እድሯ ትደርሳለች። የእድሩን መዋጮ አላቋረጠችም፤ ዳኛው "ሰው ይርቃል እንጂ እድር አይርቅም" አሏት። በገባች በመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ ቡና አፍልታ የሕንጻውን ሰዎች ጠራች፤ ትርፍ ቁልፉንም ፊት ለፊት ላለችው ጎረቤት ሰጠች።

ቤቱ በርካሽ ስለተገኘ ገንዘብ ተረፈ። አባቴ "ለእያንዳንዳችሁ ድርሻችሁን ልስጥ" አለ። እኔና ወንድሞቼ በአንድ ቃል እምቢ አልን፤ ብሩ በሁለታቸው ስም ባንክ ገባ። ይህንን የምነግራችሁ በሐኪምነቴ ነው። ያላቸውን ለልጅ አካፍለው ሲያበቁ የግፊት መድኃኒት መግዣ ለመጠየቅ አፍረው መድኃኒቱን የሚያቋርጡ ታካሚዎች ይመጡብኛል። የቤት ሽያጭ ብር መጀመሪያ የወላጆች መታከሚያ ነው፤ ውርስ በጊዜው ይደርሳል።

ከተረፈው ላይ ጥቂቱን ለእነዚህ አዋልነው፤

- ከብየዳ ቤት ወፍራም ቱቦ አሠርተን ከሽንት ቤቱ መቀመጫ አጠገብና ሻወሩ ጋ ግድግዳው ላይ አሰርን። ፎጣ መስቀያ ሰው አይሸከምም፤ እሱን አትመኑ።
- የመታጠቢያ ቤቱን ደፍ አስፈርሰን ወለሉን በማያንሸራትት ሻካራ ሴራሚክ አስቀየርን።
- አልጋው ሲቀመጡበት እግር መሬት በደንብ እንዲረግጥ ቁመቱ ተስተካከለ።
- መብራት ሲጠፋ ራሱ የሚበራ ቻርጅ አምፖል ኮሪደሩ ላይ ተሰቀለ።
- ትንንሾቹ ምንጣፎች ተነሱ። ነጠላ ጫማውም ተረከዝ በሚይዝ ጫማ ተተካ።
- አባቴ ሌሊት ሲነቃ አልጋው ጠርዝ ላይ አንድ ደቂቃ ያህል ተቀምጦ ነው የሚነሳው።

ለወላጆቻችሁ ቤት ስትፈልጉ

ዋጋና ካርታ ከመጠየቃችሁ ጎን ለጎን እነዚህን ጠይቁ፤

1. ጉልበት ያበጠ ዕለት ከዚህ ቤት መውጣትና መግባት ይቻላል? ሊፍት ካለው መብራት ሲጠፋ የሚሠራበት ጄኔሬተር አለው?
2. መኝታ፣ ሽንት ቤትና ማድ ቤት በአንድ ወለል ላይ ናቸው?
3. የበሮቹ ስፋት ወደ 80 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል? አንድ ቀን ክራንች ወይም ተሽከርካሪ ወንበር ቢያስፈልግ ያልፋል?
4. ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሮቶ አለው?
5. አምቡላንስ ወይም ታክሲ ደጁ ድረስ ይገባል? ክረምትስ?
6. ጤና ጣቢያና ፋርማሲ ምን ያህል ይርቃል?
7. ጠዋት በሩ ሳይከፈት ቢቀር የሚያንኳኳ ማነው?

ከወላጆቻችሁ አንዳቸው የመርሳት ችግር ከጀመራቸው ደግሞ አዲስ ቤት ግራ እንደሚያጋባቸው አስቡ። የድሮ አልጋቸውን፣ ወንበራቸውን፣ ሥዕላቸውን እንደ ቀድሞው አኳኋን አስቀምጡላቸው። የሽንት ቤቱ በር በግልጽ የሚለይ ይሁን። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ብቻቸውን አትተዉአቸው።

ከሁሉ በፊት ግን ሁለቱንም ለየብቻ ጠይቋቸው። በአንድ ቤት ብዙ ዓመት የኖሩ ባልና ሚስት አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ማለት ይለምዳሉ። ዝም ያለውም የሚፈራው ነገር አለው፤ ትልቁን ጥያቄ የያዘው ያ ዝም ያለው ሊሆን ይችላል።

እናንተስ? ወላጆቻችሁ ሌሊት ሲነሱ የሚሄዱበትን መንገድ ታውቁታላችሁ? በሚቀጥለው ስትጠይቋቸው መብራቱን አጥፍታችሁ ሂዱበትና ያያችሁትን በአስተያየት መስጫው ጻፉልኝ። ቤት በመፈለግ ላይ ላለ ሰውም ይህን አጋሩለት።

መልካም ጤና!