ክር

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። ታክሲዬን አቁሜ እንደገባሁ፣ እንቅልፍ እስኪመጣ ድረስ ምድር ቤት ከመብራቱ ሥር እቀመጣለሁ። ፊት ለፊቴ አንዲት ትንሽ ሞርሳ አለች፤ የሌባ ጣቴን ግማሽ የሚያህል መንጠቆ ነክሳለች። በዚህ መንጠቆ ላይ «ዝንብ» እቋጥራለሁ።

ዝንብነቱ በስም ብቻ ነው። በየፀደዩ ከቼሳፒክና ከሐድሰን ተነሥቶ ወደ ቦስተን ዳርቻ የሚፈልሰው፣ ጎኑ በጥቋቁር መስመሮች የተሸነተረው ስትራይፕድ ባስ በነፍሳት አይታለልም። ለእርሱ የሚቋጠረው ከመካከለኛ ጣት የሚረዝም፣ የቆሰለ ትንሽ ዓሣ መስሎ በውኃው ላይ የሚንሳፈፍ የፀጉር፣ የላባና የፎም ሥራ ነው። የእኔ ዓይነቱ «ጉርግለር» ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ሲጎተት ውኃውን እያንቦጫረቀ ከሚያሰማው ድምፅ ነው። ያወጣው ጃክ ጋርትሳይድ የተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ያረፈ የቦስተን ሰው ነው። እርሱም ታክሲ ነጂ ነበር፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ መኪናው ውስጥ ዝንብ ይቋጥር ነበር። ይህን የሰማሁ ዕለት ነው ሥራውን የወደድሁት።

መጀመሪያ ክሩ በመንጠቆው ዘንግ ላይ ጥቅጥቅ ብሎ ይጠመጠማል። ከኋላ ከአጋዘን ጭራ የተቆረጠ ነጭ ፀጉር ይታሰራል፤ ጥቂት የሚያብረቀርቁ ዘለላዎች ይታከሉበታል። ቀጥሎ ውኃ የማይመጥ ፎም በጣት ስፋት ተቆርጦ ከዘንጉ ጋር ይታሰራል፤ በላዩም የአውራ ዶሮ ላባ ይጠመጠማል። በመጨረሻ ፎሙ እንደ ጀርባ ወደ ፊት ታጥፎ ከመንጠቆው ዓይን አጠገብ ይቋጠራል። የተረፈው ጫፍ እንደ ከንፈር ቀና ብሎ ይቀራል፤ ውኃውን የሚገፋው፣ ድምፁን የሚያወጣውም ይኸው ከንፈር ነው።

ጭንቁ ክሩ ላይ ነው። ከልክ በላይ ከጠበቀ ፎሙን እንደ ቢላዋ ይቆርጠዋል፤ ከላላ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ውርወራ ሁሉም ነገር በዘንጉ ላይ ይዞራል። ልኩን እዚህ ማንም አላስተማረኝም። ጣቶቼ ግን ያውቁታል።

አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበር። እግሮቹን ጉድጓዱ ውስጥ ሰድዶ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ሲያመላልስ፣ እኔ ከአጠገቡ ማግ በቀሰም ላይ እያጠነጠንሁ አደግሁ። ክር ሲበጠስበት ጫፉን በምራቁ አርጥቦ፣ ሳያይ ይቀጥለው ነበር። «ክር ሲጨንቀው ይናገራል፤ ስማው» ይለኝ ነበር።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ቀን የረሳሁትን ደብተር ይዞልኝ ትምህርት ቤት መጣ። ነጠላው ላይ የጥጥ ብናኝ ነበረበት። ጓደኞቼ ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። የሸማኔን ልጅ «ቁጢት በጣሽ» እያሉ የሚሰድቡ ነበሩና፣ «ጎረቤታችን ነው» አልሁ። ሰምቷል። ደብተሩን ዘረጋልኝና፣ «አባትህ ልኮልህ ነው» ብሎኝ ተመለሰ።

ማታ የመወርወሪያው ድምፅ እንደ ወትሮው ነበር። እስኪሞት ድረስ ነገሩን አላነሣብኝም፤ እኔም ይቅርታ አልጠየቅሁትም።

ባለፈው ሰኔ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ዝንቤን ከድንጋዮቹ ባሻገር ወርውሬ በአጭር በአጭሩ ስስበው ውኃው ፈነዳ። የመጣው ዓሣ ትልቅ ነበር። ከ2023 ወዲህ ደንቡ ከ28 ኢንች ያላነሰ፣ 31 ኢንችም ያልሞላ አንድ ዓሣ ብቻ በቀን መውሰድ ስለሚፈቅድ፣ መንጠቆውን ነቅዬ ውኃው ውስጥ ደግፌ ያዝሁት። ጥቂት ቆይቶ ጭራውን መታና ሄደ።

አጠገቤ ሲወረውር የነበረ ሽማግሌ ዝንቡን ተቀብሎኝ ክሩን በጥፍሩ ፈተነው። አንዲት ዙር እንኳ አልላላችም።

«ማን አስተማረህ?» አለኝ።

«አባቴ።»

«ዓሣ አጥማጅ ነበር?»

«አይደለም፤ ሸማኔ ነበር» አልሁት። ድምፄ ካሰብሁት በላይ ከፍ ብሎ ወጣ።